በወንድሙ እግር የቆመው ሌጋሲ

የ1997 ሞዴል ሱባሩ ሌጋሲ ስቴሽን ዋገን ኮፈኑ ሲከፈት፣ ከሞተሩ ግራና ቀኝ፣ ልክ ከፊት ጎማዎቹ አናት ላይ፣ የተገለበጠ ድስት የሚመስሉ ሁለት የብረት ጉብታዎች ይታያሉ። በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ በ12 ቁልፍ የሚፈቱ ሦስት ትንንሽ ዳዶዎች ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ መሃላቸው ላይ ደግሞ አንድ ወፈር ያለ ዳዶ አለ። ሦስቱ ይፈታሉ። መሃለኛው አይነካም፤ ለምን እንደሆነ ቆየት ብለን እናየዋለን።

ከዳዶዎቹ ስር የተንጠለጠለው እግር ስትራት ይባላል። የአሮጌ ሌጋሲ ባለቤቶች ይህን እግር አውጥተው ረዘም ባለ መተካት የተለመደ ሥራቸው ነው፤ በተለይ ተራራና በረዶ ባለባቸው፣ አሮጌ ሱባሩም እንደ ልብ በሚገኝባቸው የአሜሪካ ግዛቶች፣ በዋሽንግተን፣ በኦሪገንና በኮሎራዶ። የሚመኙት ብዙ አይደለም። ኮረኮንች ላይ ሆዱን ድንጋይ የማይፍቀው፣ በረዶ ላይም ተንሳፎ የማይቀር መኪና ይፈልጋሉ። ያንንም አዲስ ሳይገዙ፣ ደጃፋቸው ላይ ከቆመው ማግኘት ይሻሉ።

የኛ ጋራዦች ለመኪና እግር ክፍሎች ስም አያጡም፤ ሞላ፣ አሞርዛተር፣ ብራቾ፣ ቴስቲኒ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ስትራትን ግን በእንግሊዝኛ ስሙ ነው የምንጠራው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1941 ተሸንፎ ከአገር ሲወጣ የዛሬው ስትራት ገና አልተወለደም ነበርና ነገሩ አይገርምም። አባቱ ኧርል ማክፈርሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ከ1945 ጀምሮ በጄነራል ሞተርስ ቤት ለትንሽዬ የሼቭሮሌት መኪና ሲነድፈው ነበር፤ ፕሮጀክቱ ሲሰረዝ ሰውየው ሐሳቡን ይዞ ወደ ፎርድ ተሻገረ። በእንግሊዝ የተሠሩት ፎርድ ኮንሰልና ዜፊር በ1950 ይህን እግር ለብሰው ለሕዝብ ታዩ።

የሐሳቡ ውበት ቁጠባው ነው። ከዚያ በፊት ሞላው ለብቻው፣ አሞርዛተሩ ለብቻው፣ ጎማውን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ብራቾዎችም ከላይና ከታች ጥንድ ሆነው ይሠሩ ነበር። ማክፈርሰን የላይኛውን ብራቾ ጣለው። አሞርዛተሩን አወፈረና ራሱን ምሰሶ አደረገው፤ ሞላውን በዙሪያው ጠመጠመበት፤ ታችኛውን ጫፍ ከጎማው ተሸካሚ ብረት ጋር አሰረው፤ ላይኛውን ጫፍ ኩሽኔታ ባለው የጎማ ትራስ በኩል ከመኪናው ሰውነት ጋር አጋጠመው። መሪ ሲዞር ምሰሶው አብሮ ይዞራል። በዘጠናዎቹ ሌጋሲ አራቱም ጎማዎች የቆሙት በዚህ ዓይነት ምሰሶ ላይ ነው። እግሩን ለመለወጥ ቀላል ያደረገው ይኸው ነው፤ አንድ ቁራጭ ወጥቶ አንድ ቁራጭ ይገባል።

ረዥሙ እግርስ ከየት ይመጣል? ከወንድሙ። ወንድሙን ለማወቅ ግን ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ሱባሩ ስቴሽን ዋገንን አራት ጎማ አነዳድ ያለበሰው የቶሆኩ የኤሌክትሪክ ኩባንያ በበረዷማው ሰሜን ጃፓን መስመር የሚጠግኑ ሠራተኞቹን የሚያመላልስ፣ ከጂፕ የሚሻል መኪና በመፈለጉ ነበር፤ ከዚያ የተወለደው ሊዮኔ በ1972 ለሕዝብ ተሸጠ። መሬት ለቆ ከፍ ያለ ዋገን ግን የሱባሩ ብቻ ሐሳብ አይደለም። አሜሪካን ሞተርስ የኮንኮርድ መኪናውን ሰውነት ከፍ አድርጎ፣ ከስሩ አራት ጎማ አነዳድ ዘርግቶ፣ ኢግል በሚል ስም ከ1980 ሞዴል ጀምሮ ሸጦታል። ኢግልን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው፤ ቀድሞ መምጣት ሁልጊዜ አይከፍልም።

በዘጠናዎቹ አሜሪካውያን ፊታቸውን እንደ ፎርድ ኤክስፕሎረር ወዳሉ ረጃጅም መኪኖች ሲያዞሩ ሱባሩ የሚያቀርበው እንዲህ ያለ መኪና አልነበረውም። ስለዚህ ያለውን ሌጋሲ ዋገን አነሳው። አውትባክ የተባለው ይህ መኪና በ1994 በኒው ዮርክ የመኪና ትርኢት ሲታይ ገና ጌጥ ይበዛው ነበር። በ1996 ሞዴል ግን በእውነት እግር አወጣ፤ ከመሬት ያለው ከፍታ 18.5 ሳንቲሜትር ደረሰ። ማስታወቂያውን የሠራው በክሮኮዳይል ዳንዲ ፊልም የሚታወቀው አውስትራሊያዊ ፖል ሆጋን ነበር። መኪናው ተሸጠ፣ ብዙ ተሸጠ። ዛሬ የመኪና መፍቻ ግቢዎች ለሌጋሲ በሚሆኑ እግሮች የተሞሉት ለዚህ ነው። ከ1995 እስከ 1999 ያሉት ሌጋሲና አውትባክ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የአንዱ ስትራት በሌላው ቀዳዳ ላይ ይገጥማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሁለቱን ስትራቶች ጎን ለጎን መሬት ላይ ያጋደማቸው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ርዝመታቸውን ነው። መኪናውን የሚያነሳው ግን የቱቦው ርዝመት ብቻውን አይደለም። ዋናው ሞላው የተቀመጠበት ሳህን ነው፤ በአሞርዛተሩ አካል ላይ የተበየደው ያ ክብ ብረት በአውትባኩ ላይ ወደ ላይ ከፍ ብሏል። ሳህኑ ከፍ ሲል ሞላው ከፍ ይላል፤ ሞላው ከፍ ሲል ሰውነቱ ከፍ ይላል። የድሮውን ስትራት ትቶ ሞላውን ብቻ በረዥም የሚለውጥ ሰው መኪናውን ያነሳዋል፣ ነገር ግን አሞርዛተሩ ወደ ታች የሚዘረጋበትን ትርፍ ይበላበታል፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ዘንጉ ጫፉ ላይ ደርሶ «ቋ!» ይላል። ከጉብታው ስር ስፔሰር የሚባል ማራቂያ መጨመርም አለ፤ እሱም ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

የሳህኑ ከፍ ማለት ሁለተኛ ጥቅም አለው፤ ከመጀመሪያውም ሳይበልጥ አይቀርም። ሳህኑ ከጎማው አናት ሲርቅ ለትልቅ ጎማ ቦታ ይለቃል። ተራው ሌጋሲ 185/70 የሆነ ባለ 14 ጎማ ሲያደርግ፣ አውትባኩ 205/70 የሆነ ባለ 15 ጎማ ነበረው። ሒሳቡ በእርሳስ ይሠራል፦ የመጀመሪያው ጎማ ዳር እስከ ዳር 61.5 ሳንቲሜትር ያህል፣ ሁለተኛው ወደ 67 ሳንቲሜትር ነው። ግማሹ ሲወሰድ 2.7 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍታ ከጎማው ብቻ ይገኛል። ለዚህም ዋጋ ይከፈላል። የፍጥነት መለኪያው ስለ ጎማው ለውጥ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ፣ ቀድሞ ትክክል ይናገር ከነበረ አሁን 100 ሲል መኪናው ወደ 109 እየሄደ ነው። አራቱም ጎማዎች እኩል መሆን እንዳለባቸው ለሱባሩ ባለቤት መንገር አያስፈልግም፤ ሁለቱን ትልቅ ሁለቱን ትንሽ ያደረገ ሰው ኃይል የሚያከፋፍለውን ክፍል ያቃጥላል።

ሥራው ራሱ የአንድ ቅዳሜ ነው፣ ዝገት ካልተቀየመ። መንገድ ላይ የክረምት ጨው በሚበተንባቸው እንደ ቬርሞንት ባሉ ግዛቶች ቡሎኖቹ ዋዜማውን ዘይት ጠጥተው ማደር አለባቸው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በብረት ድጋፍ ላይ ይቀመጣል፣ ጎማው ይወልቃል፣ በስትራቱ ላይ የታሰሩት የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ ሽቦ ይላቀቃሉ። ከታች ያሉት ሁለቱ ወፋፍራም ቡሎኖች በ19 ቁልፍ ይፈታሉ። ከፊት ስትራት ሁለት ቡሎኖች የላይኛው ተራ ቡሎን አይደለም፤ አንገቱ ስር ከመሃል የወጣ ክብ አለው፣ ሲዞር የጎማውን ቁመና ያጋድላል ወይም ያቀናል። ልምድ ያለው መካኒክ ከመፍታቱ በፊት የቆመበትን ቦታ በነጭ ቀለም ጭረት ምልክት ያደርግበታል። ከዚያ በኋላ ከላይ ያሉት ሦስት ዳዶዎች ወጥተው እግሩ በሙሉ በእጅ ይወርዳል። ከኋላ ያሉት የላይ ዳዶዎች የሚገኙት ደግሞ የጭነት ቦታው የጎን ሽፋን ሲገለጥ ነው።

መሃለኛውን ዳዶ የማይነኩበትም ምክንያት ይኸው። እግሩ ከመኪናው ሲወጣ ሞላው አሁንም ተጨምቆ ነው ያለው፤ ያንን ኃይል የሚይዘው መሃለኛው ዳዶ ብቻ ነው። ሞላው በመጭመቂያ ሳይታሰር እሱን የፈታ ሰው ፊት ለፊቱ የሚፈነዳ ብረት ይጠብቀዋል። ሙሉ የአውትባክ እግር ከነሞላውና ከነትራሱ መግዛት የሚመረጠው ሥራ ስለሚያቀል ብቻ አይደለም፤ ይህን ዳዶ ጨርሶ ላለመንካት ጭምር ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለች፤ የሚዘነጋት ብዙ ነው። ብራቾው ከሰውነቱ ጋር የሚገናኘው በውስጡ ጎማ ባለው ቡሽ ነው። ከፍታው ሲለወጥ ብራቾው አዲስ ማዕዘን ይይዛል። ስለዚህ የብራቾው ቡሎን ላላ ተደርጎ፣ መኪናው በጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ መጥበቅ አለበት። ካልሆነ ቡሹ ዕድሜውን በሙሉ እንደተጠመዘዘ ይኖራል፤ ዕድሜውም አጭር ይሆናል።

የሚቀረው መኪናው ለአዲሱ ቁመቱ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ሰውነቱ ሲነሳ ብራቾዎቹ ወደ ታች ያዘቀዝቃሉ፤ የጎማው እግር ወደ ውስጥ ይሳባል፣ አናቱ ወደ ውጭ ያጋድላል። ከፊት ያ ከመሃል የወጣው ቡሎን ይህን ያስተካክላል፤ ከኋላ እንዲህ ያለ ማስተካከያ ስለሌለ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቡሎን ተገዝቶ ይጨመራል። ከጎን ቆሞ ላየ ደግሞ የኋላ ጎማው ከቅስቱ መሃል ወደ ፊት ፈቀቅ ማለቱ ይታያል። ጎማውን የሚይዘው ቁመታዊ ዘንግ የታሰረው ከፊቱ ነውና፣ ወደ ታች ሲወርድ እንደ ሰዓት ዘንግ ወደ ፊት ይወዛወዛል። ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሱት ዘንጎችም ሲያዘቀዝቁ መገጣጠሚያቸው ይታመማል፤ በመጠምዘዣ ላይ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ የተሰማ ዕለት ሕመሙ ጸንቷል ማለት ነው።

ፋብሪካው ይህን ያውቅ ነበር። አውትባክን ሲያነሳ ስትራት አርዝሞ ብቻ አልተወውም፤ ሞተሩን የተሸከመውን መስቀለኛ ብረትና የኋላውን ተሸካሚ ከሰውነቱ በስፔሰር ዝቅ አደረጋቸው፤ ዘንጎቹ ያን ያህል እንዳያዘቀዝቁ። እግሩን ብቻ የተዋሰ ሌጋሲ ከፍታውን ይወስዳል፣ ይህን ጥንቃቄ ግን አይወስድም። ከ5 ሳንቲሜትር በታች ያለው ማንሳት ብዙ ጊዜ ችግር የማይፈጥረው፣ ከዚያ በላይ ግን ስፔሰሮቹንም መግዛት ግድ የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

ጥቂት ሳንቲሜትር በመንግሥት መዝገብ ላይ ሳይቀር ለውጥ እንደምታመጣ ሱባሩ ራሱ አሳይቷል። የ2005 ሞዴል አውትባክ በአሜሪካ ሕግ «ቀላል የጭነት መኪና» ተብሎ እንዲመዘገብ ሆኖ ተሠራ። ሕጉ ከሚጠይቃቸው መለኪያዎች አንዱ ከመሬት 20 ሳንቲሜትር ከፍ ማለት ነበር። ትርፉ የነዳጅ ነው፤ በዚያ ዓመት የቤት መኪኖች በአማካይ በጋሎን 27.5 ማይል እንዲሄዱ ሲጠየቅ፣ ለቀላል ጭነት መኪኖች 21 ማይል ይበቃ ነበር። የአካባቢ ተቆርቋሪዎች አልወደዱትም፤ መኪናው ግን ያው የሰው መጫኛ ዋገን ነበር።

ሌጋሲው ከጋራዥ ሲወጣ የሚቀረው የአላይመንት ማሽን ነው፤ እሱ ሳይደረግ ረዥም መንገድ የሄደ ሰው አዲሱን ጎማ በጥቂት ሺህ ኪሎሜትር ውስጥ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ያገኘዋል። ከዚያ ደግሞ የምሽት ሥራ አለ። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ፣ ግድግዳ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ከፊት መብራቶቹ ጀርባ ያሉት ማስተካከያዎች በካቻቢቴ ይዞራሉ፤ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የነበረው የብርሃን ጠርዝ ከተቃራኒ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን እስከማይወጋበት ድረስ ቀስ እያለ ይወርዳል።