ዘርና ዘሪ፤ ገበሬ ከገበሬ የሚማረው ጥበብ

በ1919 ዓ.ም. ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለ ሩሲያዊ የዕፀዋት ሊቅ በጅቡቲ በኩል ወደ አገራችን ገብቶ፣ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩትን የራስ ተፈሪን ፈቃድ ከተቀበለ በኋላ፣ በቅሎ ጭኖ አገር ለአገር እየተዘዋወረ ከየማሳውና ከየገበያው የስንዴ፣ የገብስ፣ የጤፍና የተልባ ዘር ሰበሰበ። ይህ ሰው ብዙ ክፍለ ዓለማትን ያዳረሰና የሰብሎችን ጥንተ ትውልድ የመረመረ ሊቅ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ያየው የእህል ዓይነት ብዛት ግን እጅግ ስላስደነቀው፣ አገራችንን በዓለም ላይ የሰብል ዝርያዎች ከተገኙባቸውና ከተባዙባቸው ዋና ዋና ማእከሎች መካከል ቈጠራት። ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙ ተመራማሪዎችም የእህሉን ዓይነት ብዛት ሲመሰክሩ ኖረዋል። ነገር ግን የእህሉ ብዛት በተነገረ ቍጥር ምስጋናው በአብዛኛው ለአፈሩና ለተራራው ሲሰጥ፣ ያን ሁሉ ዝርያ ለይቶ፣ ጠብቆና ለጎረቤቱ አካፍሎ ለትውልድ ያስተላለፈው ገበሬ ሳይጠቀስ መቅረቱ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

እርግጥ ነው፣ የምድራችን አቀማመጥ ለዚህ ነገር ታላቅ ምክንያት ሆኗል። አንድ መንገደኛ ጧት ከቆላው ተነሥቶ ማታ ደጋው ላይ ሲያድር፣ በአንድ ቀን ጕዞ ማሽላ ከሚበቅልበት ሙቀት ገብስ ብቻ ወደሚችለው ውርጭ ይደርሳል። ዳሩ ግን ተራራ ዘር አይመርጥም። መከሩ ከመታጨዱ በፊት በማሳው መካከል እየተመላለሰ ዛላው የሞላውን፣ አገዳው ያልጋሸበውን፣ ዋግ ያልመታውን ለይቶ የሚያኖረው ሰው ነው፤ ከዚያም በኋላ ያን የተመረጠ ዘር ከሚበላው እህል ለይታ በቅል ወይም በገንቦ አድርጋ፣ ነቀዝ እንዳይደፍረው ጭስ በሚያገኘው ስፍራ የምታስቀምጠው፣ የትኛው ለእንጀራ፣ የትኛው ለቆሎ፣ የትኛው ለጠላ እንደሚሻል የምታውቀው ባልትና ያላት የቤት እመቤት ናት። ደገኛው ገበሬ ገብሱን ሁሉ ገብስ ብሎ አያልፈውም፤ ሰነፍ ቆሎን ከፈረስ ጋማ፣ ቶሎ የሚደርሰውን ከሚዘገየው ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን መሬትና ወራት መድቦለታል። በትግራይም ስንዴና ገብስን በአንድ ማሳ ቀላቅሎ የመዝራት ልማድ አለ፤ ሐንፈጽ ይሉታል። ዝናሙ ሲያጥር ገብሱ፣ ሲበረክት ደግሞ ስንዴው ስለሚያይል፣ ገበሬው ሰማዩ እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ባይችልም ባዶ አውድማ እንዳይጠብቀው በዚህ ብልሃት ራሱን ይጠብቃል።

ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ስለዚህም የሚኖረው ሰው ለሰው ሲነጋገር ብቻ ነው። በሊቃውንቱ ጉባኤ ቤት ተማሪው ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ የሰማውን በቃሉ አጽንቶ፣ ከባልንጀሮቹም ጋር እየቀጸለ ትምህርቱን እንደሚያደላድል ሁሉ፣ ገበሬውም በደቦ ሲያርስ፣ በወንፈል ሲያጭድ፣ በማኅበርና በሰንበቴ ሲቀመጥ፣ ለሠርግ ወደ ሩቅ ዘመድ አገር ሲሄድ የሌላውን ማሳ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ጥቂት ዘርም ተቀብሎ ይመለሳል። ያን ዘር በገዛ መሬቱ ጥግ ላይ ዘርቶ ሳይፈትነው በሙሉ እርሻው ላይ አያፈሰውም። ይህን ጥንቃቄ ብዙዎቻችን አዲስ ነገርን መፍራትና ኋላ ቀርነት አድርገን ስንተረጕመው ኖረናል፤ እኔ ግን የምርምር ሥርዐት ነው እላለሁ፤ ስሕተቱ የራሱንና የልጆቹን ጕሮሮ የሚነካ ሰው ከዚህ የተለየ ምርምር ሊያደርግ አይችልምና።

የዚህ ምርምር ጥልቀት ምን ያህል እንደሆነ ከወሎ ማሽላ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። የወሎ ገበሬዎች ወተት በጉንጬ የሚሉትን ማሽላ ከሌላው ማሽላ መካከል ጥቂት ጥቂት እየዘሩ፣ እሸቱ ሳይደርቅ ጠብሰው ይበሉታል፤ ፍሬው የጨረመተና ምርቱም አነስተኛ ስለሆነ በብዛት አይዘሩትም፣ ግን ከቶ አይተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በብዙ አገሮች የተሰበሰበውን የማሽላ ዘር ሲመረምሩ፣ ለሰውነት እጅግ የሚያስፈልገውና በማሽላ ውስጥ ጥቂት ብቻ የሚገኘው ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ከሌሎቹ ሁሉ በልጦ የተገኘው ከኢትዮጵያ በሄዱ፣ የዚሁ የወሎ ማሽላ ወገን በሆኑ ሁለት ዝርያዎች ውስጥ ነበር። የወሎ እናቶች ላይሲንን በስም አያውቁትም፤ ያን ማሽላ ግን ከመጥፋት ጠብቀውት ነበር። በገብስም ነገር እንዲሁ ነው፤ ገብስን የሚያቀጭጨውን የቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ የሚቋቋመው ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ ገብሶች ተዳቅሎ የካሊፎርንያን እርሻ ከከባድ ጥፋት አድኗል።

ከ1960 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የተሻሻለ ዘርና የፋብሪካ ማዳበሪያ በየአውራጃው መሠራጨት ሲጀምር፣ ምርት መጨመሩን መካድ አይገባም፤ ዝናም በበቃበትና ማዳበሪያ በተገኘበት ስፍራ አዲሱ ስንዴ ብዙ ቤቶችን አጥግቧል። ጉዳቱ የመጣው በሌላ በኩል ነው። ትምህርቱ ከላይ ወደ ታች ብቻ ስለወረደ፣ ገበሬው ተቀባይ እንጂ ተናጋሪ ስላልሆነ፣ አዲሱ ዘር የገባበት መንደር የአባቶቹን ዘር ጥሎ ከዘሩ ጋር የተያያዘውን ዕውቀት አብሮ ጣለ። ዋልካ መሬት ውኃ ሲያቍር የሚችለው የአገር ስንዴ የትኛው እንደሆነ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ፣ ስንዴው ራሱ ከማሳው ጠፋ።

እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት እርዳታ በአዲስ አበባ የዕፀዋት ዘር ማከማቻ ማእከል የተቋቋመው ይህን ጥፋት ለመግታት ነው። ዛሬ የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት አካል የሆነው ይህ ማከማቻ ከ60,000 በላይ የዘር ናሙናዎችን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ይጠብቃል። ማእከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ግን ብርዱ ብቻውን እንደማይበቃ ቀድመው ካስተዋሉት ሊቃውንት አንዱ ናቸው። በማቀዝቀዣ ውስጥ የተኛ ዘር ከመጥፋት ይድናል፣ ከዘመኑ ጋር ግን አይለወጥም፤ በገበሬው ማሳ ላይ ያለው ዘር ግን ከአዲሱ ድርቅ፣ ከአዲሱ በሽታና ከአዲሱ ወራት ጋር በየዓመቱ እየታገለ ይለመዳል።

ይህ አሳብ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ተፈተነ። በወሎና በትግራይ ሰው የሚበላው ሲያልቅበት ዘሩን በላ፤ ዘሩን የበላ ገበሬ ደግሞ ዝናም ቢመጣለት እንኳ የሚዘራው አይኖረውም። ከእርዳታ የሚመጣው እህል ለመብል እንጂ ለዚያ መሬት የተስማማ ዘር አልነበረም። ሆኖም አንዳንድ ገበሬዎች አገራቸውን ጥለው ሲሰደዱ፣ ቢመለሱ የሚዘሩትን ጥቂት ዘር በሸክላ ማሰሮ ደፍነው መሬት ውስጥ ቀብረው ይሄዱ ነበር። እንዲህ ያለ መሥዋዕትነት በሌላ አገርም ታይቷል፤ በመግቢያዬ ያነሣሁት ቫቪሎቭ ከአገሩ መንግሥት ጋር ተጣልቶ እ.ኤ.አ. በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ሲሞት፣ የሥራ ባልደረቦቹም በጦር በተከበበችው ሌኒንግራድ በዘር ጎተራ መካከል ተቀምጠው፣ ዘሩን ከመብላት ይልቅ በረሃብ መሞትን መርጠው ነበር። በሌኒንግራድ የሞቱት ሊቃውንት በታሪክ ሲመሰገኑ፣ ልጆቹ እየተራቡ ዘሩን የቀበረውን የወሎ ገበሬ ስም የመዘገበ ግን የለም።

ዶክተር መላኩ ከረሃቡ በኋላ ዩኤስሲ ካናዳ ከተባለው የእርዳታ ድርጅት ጋር በመተባበር የአገር ዘርን ወደ ገበሬው ማሳ የሚመልስ መርሐ ግብር ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ትክክለኛ አኗኗር የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የሥራው ፍሬ በጕልህ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ በምሥራቅ ሸዋ የሚገኘው የእጄሬና የጨፌ ዶንሳ አካባቢ ነው። በዚያ ዋልካ ምድር ለማካሮኒ የሚሆነው የአገር ዱረም ስንዴ በተሻሻለው ስንዴ ተተክቶ ሊጠፋ ተቃርቦ ሳለ፣ ቀድሞ ከዚያው አካባቢ ተሰብስቦ በማእከሉ የተጠበቀው ዘር ወጥቶ ለገበሬዎች ተመለሰ። ተመራማሪዎቹና ገበሬዎቹ በአንድነት ከማሳው የተሻለውን እየለዩ አበዙት፤ ብዙ ማዳበሪያ ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው የሚሆን፣ ሆኖም ምርቱ የማያሳፍር ስንዴ ተገኘ።

ከዚህ ሥራ የበቀለው የማኅበረሰብ የዘር ባንክ አሠራሩ ቀላል ነው። ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው የጋራ ጎተራ ይሠራሉ፤ አባሉ በዘር ወቅት የሚፈልገውን ዓይነት ተበድሮ ይወስዳል፤ በመከር ጊዜ የወሰደውን ጥቂት ጨምሮ በዓይነት ይመልሳል። ክፉ ዘመን ሲመጣ ገበሬው ነጋዴ ደጅ ሄዶ እህሉን በውድ ዋጋ ከመግዛት ይድናል። ከሁሉም ይልቅ የሚያስደስተኝ ግን የብድሩ ነገር አይደለም፤ ዘር ተመላሽ ሲሆን ጥራቱን የሚመረምሩት ገበሬዎቹ ራሳቸው መሆናቸውና፣ በዚያ ምርመራ ላይ ወጣቱ ከሽማግሌው ጎን ቆሞ የዛላውን ቀለምና የፍሬውን ባሕርይ መማሩ ነው። ጎተራው እንግዲህ ዕውቀቱንም አብሮ ያስቀምጣል ማለት ነው።

ሊቃውንቱ ወደ ገበሬው ለመማር የሄዱበትንም ጊዜ መጥቀስ ይገባል። ባዮቨርሲቲ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅትና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በጋራ ባካሄዱት፣ ዘር ለፍላጎት ሊባል በሚችለው መርሐ ግብር፣ አብዛኛው ከአዲስ አበባው ማከማቻ የወጣ 400 ዓይነት ዱረም ስንዴ በትግራይ በሀገረ ሰላምና በወሎ በገረገራ ተዘራ። ከዚያ 30 ወንዶችና 30 ሴቶች ገበሬዎች ተጠርተው በየመደቡ እየተመላለሱ ለእያንዳንዱ ስንዴ እንደየአስተያየታቸው ነጥብ ሰጡ። ተመራማሪው በሚዛንና በሜትር የለካውና ገበሬው በዓይኑ የለካው ሲነጻጸር፣ የገበሬው ፍርድ ጽኑዕና የሚታመን ሆኖ ተገኘ፤ ከአገር ስንዴዎቹም መካከል ከተሻሻሉት ዝርያዎች ጋር የሚስተካከሉና የሚበልጡ ተገኙ። በኋላም ለየአንዳንዱ ገበሬ ጥቂት ጥቂት የተለያየ ዘር በስም ሳይሆን በምልክት ብቻ እየተሰጠ፣ በገዛ ማሳው ፈትኖ የትኛው እንደሚሻል እንዲፈርድ ተደረገ። ምልክቱ ስሙን ስለሚሰውር፣ ገበሬው በዝና ሳይሆን ባየው ብቻ ይፈርዳል።

ሕጉም ለዚህ ነገር በር አልዘጋም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የዘር አዋጅ ቍጥር 782፣ ዘር በሚነግዱት ላይ የምዝገባና የጥራት ግዴታ ሲጥል፣ ገበሬዎች ከራሳቸው ማሳ ያስቀሩትን ዘር እርስ በርሳቸው እንዲለዋወጡ ነጻ ትቷቸው ነበር። የቀረው ነገር በየቀበሌው የሚሠራው የልማት ሠራተኛ በሚጠየቀው ሪፖርት ላይ ያለ ነው። እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚጠየቀው ስንት ኩንታል ማዳበሪያና ስንት ኩንታል የተመረጠ ዘር እንዳከፋፈለ ሲሆን፣ በዚያው ቅጽ ላይ በቀበሌው ያሉት የአገር ዝርያዎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ በየትኛው ገበሬ እጅ እንደሚገኙና ለስንት ጎረቤት እንደተዳረሱ የሚጠይቅ አንድ መስመር ቢጨመር፣ ሠራተኛው ያን መስመር ለመሙላት ወደ ሽማግሌዎቹና ወደ ባልትና አዋቂዎቹ ሴቶች ቤት መሄዱ ግድ ይሆናል።