ተጨማሪ መረጃ፦ ለድረ ገጽ የሚስማሙ ነፃ የአማርኛ ፎንቶች

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬ ያለ ክፍያ ከምናገኛቸው ፎንቶች መካከል ኖቶ ሰንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. ይገኙበታል። ሦስቱም ክፍት ፈቃድ ስላላቸው ማንም ሰው በድረ ገጹ ላይ ሊጠቀምባቸው ይችላል።

ሁለት ፎንቶችን ስናጣምር ልዩነታቸው በግልጽ መታየት አለበት። አቢሲኒካ የብራና ጽሕፈትን መልክ ስለሚይዝ ለርእስ ያምራል፤ መስመሩ እኩል የሆነው ኖቶ ሰንስ ደግሞ ለዋናው ጽሑፍ ይመቻል። ይሁን እንጂ አቢሲኒካ ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። ደማቅ እንዲሆን ካዘዝነው ብሮውዘሩ ራሱ ያወፍረዋል፤ ያን ጊዜ እንደ «ጬ» እና «ሟ» ባሉ ፊደላት ውስጥ ያለው ክፍተት ሊደፈን ይችላል። ስለዚህ ርእሱን ከማድመቅ ይልቅ መጠኑን መጨመር ይሻላል። ደማቅ ርእስ የግድ ካስፈለገ የተለያዩ ውፍረቶች ያሉትን ኖቶ ሰሪፍ እንምረጥ።

ለምሳሌ በምሥራቅ ጎጃም የቁይ ከተማ ተማሪዎች ለትምህርት ቤታቸው ድረ ገጽ ቢሠሩ፣ መጀመሪያ የሚፈትኑት የከተማቸውን ስም ነው። «ቁ» እና «ቂ» የሚለያዩት ቅጥያዋ ባለችበት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዷ ወገብ ላይ፣ ሌላዋ እግር ሥር ናት። ፊደሉ ሲያንስ ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ።

ተግባር፦ «ቁይ፣ ቂይ፣ ጬ፣ ሟ» ብላችሁ በሦስቱም ፎንቶች ጻፉና በሞባይል ስልክ አንብቡ፤ በትንሽ መጠን ፊደላቱን ለይታችሁ ያነበባችሁበትን ፎንት ለዋናው ጽሑፍ ምረጡ።