የፎገራ ሩዝ፦ ማዳበሪያው ተደጉሞ ዋጋው የተተወ ሰብል

ድጎማ ሲባል መንግሥት የአንድን ዕቃ ዋጋ በከፊል ከግምጃ ቤቱ መሸፈኑ ሲሆን፣ በእርሻ ላይ በሁለት መንገድ ይሠራል፦ አንደኛው ገበሬው የሚገዛውን ማዳበሪያና ዘር የሚያረክስ የግብዓት ድጎማ፣ ሁለተኛው ደግሞ የሚሸጠው እህል ከተወሰነ ወለል በታች እንዳይወርድ የሚጠብቅ የምርት ዋጋ ድጎማ ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ የአገሪቱ ዋነኛ ሩዝ አብቃይ ሆኖ ሳለ፣ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ሩዝ እዚህ ሥር የሰደደው በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ካስተዋወቁት በኋላ ነው፤ ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ለከብት ግጦሽና ውኃው ሲሸሽ ለሚዘራ ጓያ እንጂ ለሌላ እምብዛም የማይመች መሬት ዋጋ ያገኘው ያኔ ነው። በዚያው ዘመን ግን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበያው ባነሰ ቁርጥ ዋጋ እህል በኮታ እየሰበሰበ ለሠራዊቱና ለከተማው ያቀርብ ስለነበር፣ የመንግሥት ዋጋ ለገበሬው መቀማት እንጂ መደጎም አልነበረም፤ እንዲያውም ደጓሚው እሱ ነበር። ኮታው የቀረው የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ በየካቲት 1982 ዓ.ም ሲታወጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዋጋ ለገበያ ተተወ፤ የማዳበሪያ ድጎማም በ1980ዎቹ ማብቂያ ተነሣ። የአካሄዱ ጉድለት ጎልቶ የታየው በበቆሎ ነበር፦ በ1993 እና በ1994 ዓ.ም ምርት ተትረፍርፎ ዋጋ ሲወድቅ፣ ማዳበሪያ በብድር የወሰደ ገበሬ ዕዳውን የሚከፍልበት አጣ። መንግሥት ከዚህ የተማረው የዋጋ ወለል ማበጀትን ሳይሆን ግብይትን ማዘመንን ነበርና በ2000 ዓ.ም የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተከፈተ፤ ዋና ሥራው ግን ቡናና ሰሊጥ ሆነ። የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ በናረበት በ2014 ዓ.ም 15 ቢሊዮን ብር ተመድቦ የግብዓት ድጎማው ተመለሰ። ይህ ድጎማ በኩንታል ልክ የሚሰላ በመሆኑ ብዙ መሬት ያለው ብዙ ይደጎማል፤ በ2015 ዓ.ም በአማራ ክልል እንደታየው ማዳበሪያው በዘር ወቅት ሳይደርስ ሲቀር ደግሞ ገበሬው ያልተደጎመውን ከነጋዴ በውድ ለመግዛት ይገደዳል።

የፎገራ ሩዝ ከተማ ውስጥ የሚገጥመው ተወዳዳሪ ከህንድና ከፓኪስታን የሚመጣው ነው። ህንድ ከመዝራት በፊት አነስተኛ የድጋፍ ዋጋ ታስታውቃለች፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የምግብ ኮርፖሬሽኗም በዚያ ዋጋ ይገዛል። ኢትዮጵያ በበኩሏ የኑሮ ውድነትን ለማርገብ በ2013 ዓ.ም ማብቂያ ሩዝን ጨምሮ መሠረታዊ ሸቀጦች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ፈቀደች። ለሸማቹ የተደረገው ቅናሽ ተገቢ ቢሆንም፣ ውጤቱ በዋጋ የተደገፈ የውጭ ገበሬ ዋጋ ከማይደገፍለት የፎገራ ገበሬ ጋር ያለ ቀረጥ መገናኘቱ ነው፤ ህንድ በሐምሌ 2015 ዓ.ም ነጭ ሩዝ እንዳይወጣ ማገዷም ይህ አቅርቦት በሌላ አገር ውሳኔ የሚዘጋ መሆኑን አሳይቷል።

በፎገራዋ ከተማ ወረታ የሩዙ ዋጋ የሚወሰነው በመፈልፈያ ቤቶች ነው። ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ ከሁለት ሦስተኛ የማይበልጥ ነጭ ሩዝ ይወጣል፤ መሣሪያው ያረጀ ከሆነ ደግሞ ስባሪው ይበዛና ዋጋው ይወርዳል። የተሻሻሉ ዝርያዎች በወረታ ከሚገኘው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቢወጡም፣ ዝርያ ብቻውን የመፈልፈያውን ጉድለት አይሸፍንም። የህንድ ዓይነት የዋጋ ወለል መጋዘን የሞላ ክምችትና ከባድ በጀት ስለሚጠይቅ እንዳለ ይቀዳ ማለት ያዳግታል። ከዚያ በፊት ሊሞከር የሚችለው፣ ያልተፈለፈለ ሩዝ ደርቆ ከተቀመጠ ለወራት የማይበላሽ በመሆኑ፣ ገበሬው ዋጋ እስኪሻሻል ምርቱን የሚያቆይበት የማኅበራት መጋዘን ነው፤ የማዳበሪያው ብድር ግን አዝመራ እንደተሰበሰበ የሚጠየቅ ከሆነ ገበሬው ዋጋው ገና ዝቅ ባለበት ወቅት ለመሸጥ ስለሚገደድ፣ የመክፈያው ጊዜ እስከ ክረምቱ ዋዜማ ካልተራዘመ መጋዘኑ ባዶውን ይቆማል።