ያገለገለ ውሃና የጎረቤት ምንጭ

ሰው ቤት ለመሥራት ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ውሃው ከወዴት ይመጣል ብሎ ነው። ምንጩ ቅርብ፤ ጉድጓዱ ጥልቅ፤ ወንዙም በበጋ የማይደርቅ መሆኑን ካየ ደስ ብሎት መሠረቱን ይጥላል። ነገር ግን ያ ውሃ ልብስ ታጥቦበት፤ ዕቃ ተለቃልቆበት፤ መጸዳጃ ቤቱንም ጠርጎ ካለፈ በኋላ ወዴት ይሄዳል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የውሃው መምጫ በብዙ ምክርና በብዙ ወጪ ሲሠራ፤ መሄጃው ግን ለአጋጣሚ ይተዋል።

በትልቅ ከተማ የሚኖር ሰው ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከማዘጋጃ ቤት ይጠብቃል። ከከተማ ርቆ የተሠራ ትምህርት ቤት፤ ጤና ጣቢያ፤ ገዳም፤ የእርሻ ሰፈር ወይም የእንግዳ ማረፊያ ግን የከተማ ፍሳሽ መስመር ሊደርስለት አይችልምና፤ የራሱን ውሃ ራሱ ማንጻት ግዴታው ነው። ይህም ግዴታ የባለቤቱን ቤት ብቻ የሚመለከት አይደለም። ውሃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድምና በኮረብታው ላይ ያለው ቤት የጣለው እድፍ ከታች ባለው ቤት እንስራ ውስጥ ይገኛል። የላይኛው ሰው ታጥቦና ንጹሕ ሆኖ ሲያድር የታችኛው ሰው ልጅ በተቅማጥ ቢታመም፤ የላይኛው ንጽሕና ንጽሕና ሊባል አይገባውም።

ለዚህ ነገር ታላቅ ምስክር የሚሆነው በ1854 ዓመተ ምሕረት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በሎንዶን ከተማ የደረሰው መቅሠፍት ነው። (ከዚህ በታች የሚጻፈውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው።) በዚያ ዓመት በብሮድ ስትሪት አካባቢ ኮሌራ ገብቶ ከ600 የሚበልጥ ሰው ፈጀ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ሊቃውንት በሽታው የሚመጣው ከክፉ ሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጆን ስኖው የሚባለው ሐኪም ግን የሞቱትን ሰዎች ቤት እየለየ ቢመረምር፤ አብዛኞቹ ውሃ የሚቀዱት ከአንድ የጉድጓድ ውሃ መሳቢያ ሆኖ ስላገኘው፤ የመሳቢያው እጀታ እንዲነሣ አደረገ። ሄንሪ ኋይትሄድ የሚባል የዚያ ደብር ካህን የሐኪሙን ቃል በመጀመሪያ አልተቀበለም ነበር። ይሁን እንጂ ምእመናኑን ቤት ለቤት እየዞረ ሲጠይቅ፤ ከጉድጓዱ አጠገብ ባለው ቤት አንዲት ሕፃን አስቀድማ እንደ ታመመችና የጨርቋ እጣቢ በዚያው ቤት የፍሳሽ ጉድጓድ ይደፋ እንደ ነበር ተረዳ። በ1855 ስፍራው ቢቈፈር የፍሳሹ ጉድጓድ ግንብ አርጅቶ ተሰነጣጥቆ ተገኘ፤ ከመጠጡ ውሃ ጉድጓድ የሚለየውም ርቀት 1 ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፤ ያ ሕዝብ እየጠራ የሚታየውን ውሃ በደስታ እየቀዳ ሞቱን ወደ ቤቱ ያስገባ ነበር።

እድፍን ከሰው መኖሪያ ማራቅ አዲስ ጥበብ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 ለእስራኤል ሠራዊት ከሰፈር ውጭ ለይቶ ስፍራ ይሰጣል፤ መቈፈሪያ እንዲይዙና እንዲቀብሩትም ያዛል። በዛሬውም ዘመን የጤና ባለሙያዎች የሽንት ቤት ጉድጓድ ከመጠጥ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ፤ የጉድጓዱም ወለል ከምድር ውስጥ ውሃ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ እንዲል ይመክራሉ። ምድሩ የተሰነጠቀ አለት በሆነበት ስፍራ ውሃው ሳይጣራ በስንጥቁ ፈጥኖ ስለሚሄድ ከዚህም አብልጦ ማራቅ ያስፈልጋል። ከዚህም ጋር የሽንት ቤት ጉድጓድ ከመጠጥ ውሃው በላይ በኩል እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል።

ነገር ግን እድፉን ማራቅ የሥራው ግማሽ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ውሃውን ማዳን ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ተረት የሚፈጸመው ምንጭ በጠፋበት አገር ብቻ አይደለም፤ ከሩቅ በጀርባ ተሸክመው ያመጡት ውሃ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ በደጅ በሚደፋበት ቤት ሁሉ ይፈጸማል። ስድስት ሰዎች ያሉበት ቤት ለእያንዳንዱ በቀን 20 ሊትር ቢያገኝ ጠቅላላው 120 ሊትር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ለመጠጥና ለወጥ የሚሆነው ተቀንሶ 80 ሊትሩ ለመታጠቢያ ቢውል፤ በየቀኑ አራት ጀሪካን እጣቢ፤ በወር 2,400 ሊትር ማለት ነው። ይህን ያህል ውሃ በበጋ ወራት በጓሮ ላሉት የሙዝና የፓፓያ እግሮች ቢደርስ ትርፉ ቀላል አይደለም። በወንጌል እንደ ተጻፈው አምስቱ እንጀራ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ ፍርፋሪው ሳይጣል ተሰብስቦ አሥራ ሁለት መሶብ ሞልቷል። ያ ሁሉ በረከት ባለበት ስፍራ ትርፉ እንዲህ ከተጠበቀ፤ በእጥረት ያለ ቤት እጣቢውን መድፋቱ ምን ያህል የባሰ ነው?

ታዲያ ያደፈው ውሃ በምን ይነጻል? ረግረግ ምድርን ያየ ሰው መልሱን አይቶታል። ደፍርሶ የገባው ጎርፍ በደንገልና በሸምበቆ መካከል ቀስ ብሎ ካለፈ በኋላ ጠርቶ ይወጣል። ካቴ ዛይደል የምትባል ጀርመናዊት የዕፀዋት ሊቅ ይህን ተመልክታ ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በማክስ ፕላንክ ተቋም በውሃ ዳር የሚበቅሉ ዕፀዋት እድፋም ውሃን እንዴት እንደሚያነጹ መረመረች። ብዙዎች ባለሙያዎች ነገሩን በጥርጣሬ ቢመለከቱትም፤ በ1974 ኦትፍሬዘን በተባለች የጀርመን መንደር የሸምበቆ መደብ በሙሉ መጠን ተሠርቶ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ይህ ዘዴ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል።

የአሠራሩ ምሥጢር በሸምበቆው ቅጠል ላይ አይደለም። ውሃው በጠጠር መካከል ሲያልፍ በጠጠሩና በሥሩ ላይ የተጣበቁት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ነፍሳት እድፉን እየበሉ ያጠፉታል። ሸምበቆው ለእነርሱ ማደሪያ ይሰጣል፤ በሥሩም በኩል ጥቂት አየር ያወርድላቸዋል፤ ጠጠሩም እንዳይደፈን ያግዛል። ስለዚህ እንዲህ ያለው መደብ ሞተርም መብራትም ሳያስፈልገው፤ የመሬቱ ዝቅታ ብቻ ከረዳው ሌሊትና ቀን ይሠራል።

ሥራውም በሦስት ደረጃ ይፈጸማል። በመጀመሪያ ከመጸዳጃ ቤት የሚመጣው ውሃ በሁለት ክፍል በተከፈለና ውሃ በማያሳልፍ የግንብ ጉድጓድ ይገባል፤ በዚያም ሁለት ቀን ያህል ሲቈይ ከባዱ ይዘቅጣል፤ ቅባቱም ይንሳፈፋል። በሁለተኛው ደረጃ መካከለኛው ውሃ በቧንቧ ወደ ሸምበቆው መደብ ይሄዳል። ይህ መደብ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ኖሮት፤ ከሥሩ ውሃ በማያሳልፍ ላስቲክ ወይም በተጠቀጠቀ የሸክላ አፈር ተነጥፎ፤ በታጠበ ጠጠር የተሞላ ነው። ወለሉ በየ100 ሳንቲ ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ይሄዳል። ውሃው ከጠጠሩ ፊት በታች 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ይህም ሽታ እንዳይነሣና የወባ ትንኝ እንዳይራባ ነው። በሦስተኛው ደረጃ የወጣው ውሃ በቦይ ወደ ዛፍ ሥር ይመራል። ስፋቱን ለመገመት በሞቃት አገር ለአንድ ሰው 3 ሜትር ካሬ ያህል ይበቃል፤ ሃያ ሰው ለሚኖርበት ቤት ርዝመቱ 10፤ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ መደብ ማለት ነው። በብርዳማ ደጋ ግን ረቂቃኑ ነፍሳት ሥራቸውን ስለሚያዘገዩ ስፍራው መስፋት አለበት።

ውሃ እጅግ በሚቸግርበት ስፍራ ደግሞ ከዚህ የሚቀል መንገድ አለ። ይኸውም ከመጀመሪያው አለመቀላቀል ነው። መጸዳጃ ቤቱ ያለ ውሃ በአመድና በአፈር የሚሠራ ከሆነ፤ የሚነጻው እጣቢ ብቻ ይቀራል። እጣቢም ከሽንት ቤት ፍሳሽ ይልቅ እድፉ የቀለለ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሥራ በአገራችን በአርባ ምንጭ ከተማ ተሞክሯል። ሮሳ በሚል አጭር ስም የተጠራው ሥራ ከ2006 እስከ 2010 ድረስ በአርባ ምንጭ፤ በኬንያ ናኩሩ፤ በታንዛንያ አሩሻና በኡጋንዳ ኪትጉም ሲካሄድ፤ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ተካፋይ ነበር። በአርባ ምንጭ ከተሠሩት ነገሮች አንዱ የእጣቢ ግንብ ይባላል። ዙሪያው በእንጨት ተደግፎ እንደ ጎተራ የቆመ ሰፊ ከረጢት ሲሆን፤ አፈር፤ ፍግና አመድ ተቀላቅሎ ይሞላበታል፤ በመካከሉም ከላይ እስከ ታች የድንጋይ ዓምድ አለ። የቤቱ እመቤት እጣቢውን በድንጋዩ ላይ ስታፈሰው ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ይሰርጋል፤ በከረጢቱ ጎንና ጎን በተበሱት ቀዳዳዎች የተተከለው አትክልትም ከዚያ ይጠጣል። በአርባ ምንጮች ስም የተጠራች ከተማ እጣቢዋን ልታተርፍ ከሞከረች፤ አንድ ምንጭ እንኳ የሌለው መንደር ምን ያህል ሊተጋ ይገባዋል?

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ የሌለው ትርፍ ከኪሳራ ይቈጠራል። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ዳርቻ ባልነጻ ወንዝ ውሃ አትክልት እንደሚለማ የታወቀ ነው፤ ይህም ሌላ ውሃ ካለማግኘት የመጣ እንጂ የሚመሰገን ልማድ አይደለም። ከሸምበቆ መደብ የወጣ ውሃ ለዓይን ቢጠራም ለመጠጥ አይሆንም፤ የበሽታ ዘር ሁሉ አልጠፋበትምና። ስለዚህ በቅጠል ላይ ሳይረጭ በሥር በኩል መጠጣት አለበት፤ ይልቁንም ለፍራፍሬ ዛፍ፤ ለእንሰትና ለማገዶ ዛፍ ቢውል ይሻላል። ሳይበስል ለሚበላ ሰላጣ ግን መከልከል ይገባል። ያልነጻ እጣቢ ከአንድ ቀን በላይ ቢጠራቀም ይከረፋልና በዕለቱ መፍሰስ አለበት። በረኪና በብዛት ከተጨመረበት የሚያነጹትን ረቂቃን ነፍሳት ይገድላል፤ ጨው የበዛበት የዱቄት ሳሙናም ውሎ አድሮ አፈሩን ያበላሻል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የጠባቂ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በሚመረቅበት ቀን ብዙ ሰው ይሰበሰባል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የዝቃጩን ጉድጓድ ከፍቶ የሚያይ ግን አይገኝም። ዝቃጩ ከጉድጓዱ ሲሶ በሞላ ጊዜ ካልተጠረገ ወደ ጠጠሩ ይሄዳል፤ ጠጠሩም ይደፈናል፤ ውሃው ወደ ላይ ገንፍሎ ይሸታል፤ በመጨረሻም ሰዎች ቧንቧውን ቆርጠው ወደ ወንዝ ይለቁታል። ያን ጊዜ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ይሆናል፤ ዘዴውም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ይህን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ስሙ የታወቀ አንድ ኃላፊ ነው፤ እርሱም በየሳምንቱ የቧንቧውን አፍ የሚያጸዳ፤ በየዓመቱ ሸምበቆውን የሚያጭድ፤ የዝቃጩንም ልክ በእንጨት እየለካ በመዝገብ የሚጽፍ ይሁን። የታጨደው ሸምበቆ ለአጥር ይሆናል፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ግን ገና የበሽታ ዘር ያለበት ስለሆነ በጥንቃቄ ከውሃ ርቆ መቀበር አለበት።

ስለዚህ በገጠር ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ለማሠራት የሚነሣ ሁሉ፤ የግንቡ ንድፍ በፊቱ ሲዘረጋለት ውሃው የሚወጣበትን መንገድ በጣቱ እያመለከተ ይጠይቅ። ከታች ያለው ምንጭ የማን ነው? ማነው የሚቀዳው? ጉድጓዱን የሚጠርገውስ ማነው? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ሳይገኝ መሠረት መጣል አይገባም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህ ሥራ ይስማማዋል፤ ከተቃጠለ በኋላ የሚመጣው መድኃኒት ውድ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የሚደርሰው ሕፃኑ ከተቀበረ በኋላ ነው። ጠጠርና ሸምበቆ፤ አካፋና ትጋት ግን በአገሩ ሁሉ ይገኛሉ።