ሮም እስከ እምድብር በየት መጣች?

የሮም ሥልጣኔ ሲነሳ ኮሎሲየሙና የእምነበረድ ሐውልቶቹ ይቀድማሉ። በዚህ ከተለካ ለኢትዮጵያ የደረሳት ጥቂት ነው፤ የሮም ጦር ጉራጌ አገር ይቅርና አክሱምም አልደረሰም። ሆኖም በጉራጌዋ እምድብር የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ስም በግእዝ ሥርዓት ቅዳሴ ይጠራል፤ በፍርድ ቤቱ ሥሩ ከሮም ሕግ የሚመዘዝ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይጠቀሳል፤ አውግስጦስ በግብፅ የደነገገው ጭማሪ ቀንም በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ያደርጋታል። ይህ ሁሉ በየራሱ መንገድ የመጣ ቢሆንም፣ የዘለቀበት ምክንያት አንድ ይመስለኛል፦ ከሮም የመጣ ነገር እዚህ የከረመው የአገሩ ሰው በራሱ ልክ ሊያደርገው በቻለበት መጠን ነው።

በሦስተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ ያስቀረጻቸው የወርቅ ሳንቲሞች ክብደታቸው የሮምን ሚዛን የተከተለ፣ ጽሑፋቸውም ግሪክኛ ነበር፤ በአዱሊስ ወደብ ለሚያልፈው ንግድ ባሕር ማዶ የሚታመን ገንዘብ ያስፈልግ ነበርና። ንጉሡ ግን የሮም ቄሳሮችን የቅጠል አክሊል አልደፋም፤ ራሱን በጨርቅ ጠምጥሞ፣ ግራና ቀኙን በእህል ዛላ ታጅቦ ይታያል። ሃይማኖቱም ከዚህ አይርቅም። ክርስትና ወደ አክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ቤተ መንግሥት የገባው በሮም ግዛት ከነበረችው ከጢሮስ በመጣው በፍሬምናጦስ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ ግን ቄሳሩ ቆንስጣንጢዮስ ጳጳስ የሆነው ይኸው ፍሬምናጦስ ለምርመራ ወደ እስክንድርያ እንዲላክለት ሲጽፍ፣ አክሱም እሺ ማለቷን የሚያሳይ ምልክት የለም።

ከሁሉ በላይ የሚናገረው ሥዕሉ ነው። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታውያን ወንጌላት የማውጫ ሠንጠረዦቻቸውን በዓምድና በቅስት አቅፈው ይዘዋል፤ የሮም ዘመን ሕንፃ ወደ ብራና ገብቷል ማለት ይቻላል። ከሺህ ዓመት በኋላ ደግሞ ኢየሱሳውያን በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ባሲሊካ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጂ ይዘው መጡ። እነዚሁ ሰዎች የላቲንን ሥርዓት ሊተክሉም ሞክረው ነበር። ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ ጥምቀቱንና በዓላቱን ሳይቀር ሊለውጥ ተነሳ፤ አገሩ በደም ታጠበ፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሶ ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቀ። ሚሲዮናውያኑ ሲባረሩ ሥዕሏ ቀረች። የጎንደር ሠዓሊዎች መልኳን፣ ዓይኗንና ልብሷን እንደ ገና ሠርተው የራሳቸው አደረጓት፤ ዛሬ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፊቷ ቆሞ የሚጸልይ ሰው የሮምን ነገር ላያስበው ይችላል።

እምድብር ለዚህ ክርክር ጥሩ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 ከአዲስ አበባ ተከፍላ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ስትሆን ከሮም ጋር ያላትን አንድነት ከግእዝ ሥርዓት ጋር ይዛ ነው፤ ሜንዴዝ በሥልጣን ሊያጠፋው የፈለገው ያ ሥርዓት። ጎረቤቶቿ ሆሳዕናና መቂ ግን የላቲንን ሥርዓት ይከተላሉ፣ ይህ ነገርህን አያፈርስም ወይ የሚል ይኖራል። አያፈርስም፤ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ወዲህ በዚያም ቢሆን የሕዝቡ ቋንቋ በላቲን ቦታ ገብቷል።

ይህ ሁሉ የግሪክ፣ የሶርያና የግብፅ እንጂ የሮም አይደለም የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ከባድ ነው። እውነትነት አለው። ነገር ግን ሮም ራሷ ሐውልቷን ከግሪክ የቀዳች፣ አደባባዮቿን ከግብፅ ባስጫነቻቸው የድንጋይ ዓምዶች ያስጌጠች ናት፤ የሌላውን ወስዶ ማሰራጨት የተካነችበት ሥራ ነበር። የጥንቷ ሮም ወራሽ ነኝ ያለው ፋሺስት ከዚህ የተማረው መውሰዱን ብቻ ይመስላል፦ እ.ኤ.አ. በ1937 የአክሱምን ሐውልት ሮም ወስዶ አቆመ፤ ሐውልቱም እ.ኤ.አ. በ2005 ተመለሰ።

የሚከብደኝ ሕጉ ነው። የሮም ሕግ ሁለት ጊዜ ደረሰን፤ አንዴ ከቢዛንታይን በካይሮ ግብጻውያን ክርስቲያኖች እጅ አልፎ በፍትሐ ነገሥት፣ ኋላም ከፈረንሳይ፣ ሬኔ ዳቪድ ባረቀቀው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ። ሁለተኛው በ3,347ኛው አንቀጹ፣ እሱ በሚገዛቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማዳዊ ደንብ ሻረ። እንዲህ ያለ ሕግ በልክ ተቆርጧል ማለት ይከብዳል። ነገር ግን በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ አልተበተነም፤ በባህል ሕጉ፣ በቂጫው፣ መዳኘት አልቀረም። የመንደሩን የጋራ ሜዳ፣ ጀፎረውን፣ ገፍቶ ያጠረ ሰው ዛሬም መጀመሪያ የሚቆመው በሽማግሌዎች ፊት ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ፣ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በባህል ሕግ እንዲዳኝ በሩን ከፍቷል፤ ከዚያ ውጭ ላለው፣ ለመሬቱና ለካሳው፣ ቂጫውና የመንግሥት ሕግ እስካሁን ጎን ለጎን እየተገፋፉ ይኖራሉ።