ከጣሪያ ሥር ያለው አየር
በመተማ፣ በገላባትና በገዳሪፍ ሚያዝያ ላይ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ቤት ያወርደዋል፤ የሣር ክዳን ግን በመካከሉ በያዘው አየር ያግደዋል። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ የተሰደዱ ሰዎች በሰፈሩበት በሱዳኑ የኡም ራኩባ መጠለያ ጣቢያም የሣር ጎጆዎች ተሠርተዋል። ክረምት ሲገባ ነገሩ ይወሳሰባል። ሣሩ ሲርስ የአየሩን ቦታ ውሃ ይይዘዋል፤ ሙቀት ማገዱ ይቀንሳል፣ ክዳኑም ይበሰብሳል። የጎጆ ጣሪያ ሾጣጣ የሚሆነው ውሃው ቶሎ እንዲወርድ ነው። ቆርቆሮም በጠራ ሌሊት ከአየሩ ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ በቤቱ አየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ከሥሩ ጤዛ ሆኖ ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ በቆርቆሮ ቤት ቀድሞ የጣሪያውን ቀዳዳ መድፈን፣ ከዚያም ከኮርኒሱ በላይ የአየር መውጫ መክፈት ያስፈልጋል። ሙቀት መከላከያ የሚነጠፈው ከዚህ በኋላ ነው፤ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ከተነጠፈ ውሃ ይቋጥራል።