የብረት መገጣጠሚያ ስንገዛ ሥዕሉን ሳይሆን ቀዳዳውን እንይ

ሰሞኑን ባሕር ዳር የሚኖር አንድ ወዳጄ ለዘጠኝ ዓመት ልጁ የብረት መገጣጠሚያ መጫወቻ ሊገዛ አስቦ «የትኛው ይሻላል?» ሲል ጠየቀኝ፡፡ ሕግ የተማረ ሰው ስለ ብሎንና ዳዶ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል፡፡ ነገር ግን ግዢም ውል ነውና መልሴን ለእናንተም ላካፍል፡፡

በመጀመሪያ የመጫወቻውን ጠባይ እንወቅ፡፡ ፍራንክ ሆርንቢ የተባለ የሊቨርፑል ሰው እ.ኤ.አ. በ1901 የፈጠራ መብቱን ያስከበረለትና ኋላ «ሜካኖ» የተባለው መጫወቻ ምሥጢሩ ቀዳዳው ላይ ነው፡፡ ቀጫጭን ብረቶቹ በየግማሽ ኢንቹ፣ ማለትም በየ12.7 ሚሊ ሜትሩ የተበሱ ስለሆኑ አንዱ ከሌላው ጋር በብሎንና በዳዶ ይታሰራል፡፡ ዛሬ ክሬን የሆነው ነገ ይፈታና ድልድይ ይሆናል፡፡

እንግዲህ መምረጫው ከዚህ ይነሣል፡፡ የካርቶኑ ሥዕል አያታለን፡፡ አንዳንዱ ዕቃ አንድ ሞተር ብስክሌት ብቻ እንዲወጣው ተደርጎ የተሠራ ነው፤ አንዴ ከተገጠመ በኋላ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል፡፡ ስለዚህ ረጃጅምና አጫጭር ቀጥ ያሉ ብረቶች፣ የማዕዘን ማያያዣዎች፣ ጎማዎችና ዘንጎች የበዙበትን፣ መመሪያውም ብዙ ዓይነት ሥራ የሚያሳየውን እንምረጥ፡፡

ሌላ ካርቶን ለመጨመር ስናስብ ደግሞ ማስመሪያ ይዘን እንሂድ፡፡ የቼኩ «መርኩር» የሚበሳው በየ10 ሚሊ ሜትሩ ስለሆነ ከሜካኖ ጋር አይገጥምም፡፡ ይህ ማለት ግን መርኩር ይናቃል ማለት አይደለም፡፡ ኦቶ ቪችተርሌ የተባለው የቼክ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1961 የገና ሰሞን ለስላሳውን የዓይን ሌንስ የሚሠራ መሣሪያ ቤቱ ውስጥ የገጣጠመው በዚሁ መጫወቻ ነበር፡፡

ጥንካሬውንም እንፈትሽ፡፡ ጠርዙ ሲዳሰስ ጣት የማይቆርጥ፣ ዳዶው በእጅ ሲዞር ሳይንሸራተት የሚገባ፣ ካቻቢቴና መፍቻ ያለው ይሁን፡፡ ብሎን መጥፋቱ አይቀርምና መለዋወጫም ይኑረው፡፡ ባለ ሱቁ «ካየህ ግዛ» ቢል አትደንግጡ፡፡ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች የዕቃውን ጥራት ወይም አማራጭ ስላየ፣ ዋጋም ስለተደራደረ ለመግዛት እንደማይገደድ ደንግጓል፡፡

ከሁሉ በላይ ግን ጥንቃቄ፡፡ ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ካለ ብሎኑና ዳዶው ክዳን ባለው ዕቃ ከፍ ተደርጎ ይቀመጥ፤ ሊያንቀው ይችላል፡፡ መጫወቻው ሞተር ካለው የባትሪው ቤት በብሎን የሚዘጋ መሆኑን እንይ፡፡ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችው ትንሽ ባትሪ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ እንኳ የጉሮሮን ቧንቧ ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች፡፡ ሕፃኑ ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረ «ይወጣል» ብሎ መጠበቅ የለም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው፡፡

ገንዘብ ካነሰስ? ልጆቻችን ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሲሠሩ ኖረዋል፡፡ በጣና ዳርም የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገል እያሰሩ ሰውና ጭነት የሚሸከም ታንኳ ይሠራሉ፡፡ ሽቦ፣ ቆርኪና ፒንሳ ሰጥቶ አጠገቡ መቀመጥ አንድ ነገር ብቻ ከሚሆን ውድ ካርቶን ይበልጣል፡፡

ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቭየት ኅብረት ትብብር የፖሊቴክኒክ ተቋም የቆመባት ከተማ ናት፡፡ ይሁንና ብሎን ማዞር ግቢ እስኪገባ የሚጠበቅ ትምህርት መሆን የለበትም፡፡ «ለሴት ልጅ አሻንጉሊት፣ ለወንድ ልጅ ብረት» የሚለውንም እንተው፤ ካቻቢቴ ጾታ አይመርጥም፡፡

አንድ አደራ ልጨምር፡፡ ገዝታችሁ ስትገቡ እናንተ ገጣጥማችሁ አትስጡ፡፡ ይጥመምም ይውደቅም፣ ልጁ ይግጠመው፤ ልጁ ይፍታው፡፡ የተገዛውም ለዚሁ ነውና፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡